የእንግዳ ዘር

«እንግዳን ጭንጫ ላይ ያስቀምጣሉ እንዴ?» አለ ሣህሌ፣ የቅንጬውን ሳህን ወደ ራሱ እየሳበ። ቀለሟ ሻይ እየቀዳች ስለነበር ወንድሟ የሚያወራውን መጀመሪያ ልብ አላለችውም። ሣህሌ ከገጠር፣ ከዲክሲስ የመጣው ትናንት ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው አዲሱን የገብስ ዘር አሰላ ላይ ለገበሬዎች ያድላል፤ ዘሩን ለመመረቂያዋ ያጠናችው ደግሞ የቀለሟ ልጅ መቅደላዊት ናት። ጥናቷን ከሠራችባቸው ማሳዎች አንዱ የአጎቷ ስለነበር ሣህሌ ከተጋባዦቹ አንዱ ሆኖ፣ የታጠበ ጋቢውን በፌስታል ይዞ መጣ። ያደረው በውስጠኛው ክፍል በመቅደላዊት አልጋ ላይ ነው። እናትና ልጅ በሳሎኑ ፍራሽ አንጥፈው ተኙ። የግድግዳው ኖራ ካለፈው ክረምት ጀምሮ በእርጥበት አብጧል፤ ቀለሟ እንግዳ ሲመጣ በእጇ የጠለፈችውን ጨርቅ ታንጠለጥልበታለች። መቅደላዊት በማለዳ ቀሚሷን ተኩሳ፣ ዳቦ እንኳን ሳትቀምስ ወደ አዳራሹ ሄዳለች።

«ምን አልከኝ ጋሼ?» አለች ቀለሟ።

«ዘሩን ነዋ። መቅዲ ያመጣችው ዘር እንግዳ ነው። ከሰው አገር የመጣ ነው። የእኛ ገብስ ቤተኛ ነው፤ ከላይ ተዳፋቱ ላይ ዘራሁት፣ እሱ ድንጋዩንም ብርዱንም ለምዶታል። ለእንግዳው የድሮውን በረት ሰጠሁት። እንዴት እንደወጣ ብታዪ፣ ሰው ቢገባበት አይታይም። ፎቶ ሊያነሱት የመጡት ሰዎች እንኳን አፋቸውን ይዘው ቀሩ።»

ቀለሟ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። የድሮውን በረት ታውቀዋለች። እሷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ የአባታቸው ከብት ያደረበት ቦታ ነው። ከብቱ እያለቀ ሲሄድ አጥሩ ፈርሶ ታረሰ፤ የዚያን ያህል ዘመን እበት የጠጣ አፈር ግን ጥቁር ነው፣ ሲጨብጡት እንደ ቅቤ ነው። ሳማው እንኳን ከሰው ቁመት ይበልጥ ነበር። ተዳፋቱ ደግሞ ቀይ አፈር ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ታጥቦ አጥንቱ የቀረ። እዚያ ላይ ያለ ማዳበሪያ የተዘራ ነገር ዘሩን መልሶ ከሰጠ ተመስገን ይባላል።

«ሁለቱም እኩል መሬት ላይ ይሁኑ አላለችህም?»

«አለችኝ እንጂ። እኩል ነው አልኳት። ምን ልበላት? አፈሩን እናስመረምራለን ብላም ነበር፣ በጀቱ ዘገየ አለችና ተወችው።» ሻይውን ፉት አለና ሳቀ። «የእህቴን ልጅ በአስተማሪዎቿ ፊት ላዋርዳት? እንዲያውም አረሙን ደጋግሜ ነው ያረምኩላት። ለራሴ እህል እንደዚያ ለፍቼ አላውቅም።»

ይህን ያለው ስጦታውን እንደሚገልጥ ሰው ደስ ብሎት ነው። ቀለሟ ዳቦ ቆርሳ አቀረበችለት። ዓመቱን ሙሉ መቅደላዊት በዚህ ክፍል ውስጥ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ስታስረዳት ሰምታለች። የደጋው አፈር በማዳበሪያ ብዛት ኮምጥጧል፤ የማዳበሪያው ዋጋ ደግሞ በየዓመቱ ሽቅብ ነው፤ አንድ ኩንታል ለመግዛት በጎቹን የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት የሚሸጠው የለውም። ይህ ገብስ ግን ያለ ማዳበሪያ ከአገሬው ገብስ አብልጦ ይሰጣል፤ ገበሬውም ከዕዳ ይወጣል፣ አፈሩም ያገግማል። ቀለሟ ይህን ሰምታ ዝም አላለችም። ለጎረቤት አውርታለች፣ በማኅበር አውርታለች፣ ዲክሲስ ለቅሶ የሄደች ጊዜ በየቤቱ አውርታለች። አሁን ግን ነገሩን መልሳ አሰላሰለችው። የበለጠው ዘሩ ነው ወይስ በረቱ?

ታላቅ ወንድሟ ነው፤ በቤቷም እንግዳ ነው። ለምን አጠፋህ ብላ አትጠይቀውም። ሳህኑን አነሳች።

በባጃጅ ሄዱ። ከገበያው ወደ አዳራሹ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነበር፤ የጭላሎ ተራራ ከወገቡ በላይ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ሣህሌ በየመደብሩ እየጠቆመ ዋጋ ይጠይቃታል። ዲክሲስ ላይ ድንች በስንት እንደወረደ፣ እዚህ ግን አንድ ዳቦ አሥራ አምስት ብር መግባቱን፣ ያውም እንደ ቁርባን የሳሳውን፣ እያነሳ ይገረማል። የባጃጁ ሾፌር «አባባ፣ እሱንም ነገ አያገኙትም» አለና ሁለቱ ተሳሳቁ።

«ዝም አልሽ እኮ» አላት ሣህሌ።

«በርዶኝ ነው።»

«ልጅሽ የምትመረቅበት ቀን ይበርዳል? ደስታ እኮ ያሞቃል ቀለሟ።»

አዳራሹ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከመድረኩ በላይ ሰፊ ጨርቅ ተወጥሯል። ቀለሟ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የጎልማሶች ትምህርት ትገባለች፤ ማንበብ ትችላለች፣ ግን ቀስ እያለች ነው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፊደሉን ገጣጠመችው። ያለ ማዳበሪያ ዘላቂ ምርት ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ሙሉ መስመር አንብባ መጨረሷ ብቻ ቀኑን ያሳምርላት ነበር። በግድግዳው ሥር የዘር ጆንያዎች እስከ መስኮቱ ድረስ ተከምረዋል። ገበሬዎቹ ክምሩን እያዩ፣ አንዳንዶቹ በጆንያው ቀዳዳ ጣታቸውን ሰደው ፍሬ እያወጡ በጥርሳቸው ይሰብራሉ።

ፈናን ከኋላ ወንበር ላይ ሆና እጇን አወዛወዘችላት። የሣህሌ የወሰን ጎረቤት ናት፤ ሰው ሁሉ በኦሮምኛ አዴ፣ እናት ይላታል፤ መሬቷ ከተዳፋቱ ጋር የተያያዘ ነው። ባሏ ታሞ ሳለ ከብቱን ሁሉ ሸጣ አሳከመችው፤ ከብቱም ባሏም ሄዱ፣ የቀራት ሁለት ጥማድ መሬትና የልጅ ልጆች ናቸው። ቀለሟን አቅፋ ሳመቻት።

«አካም ቡልቴ፣ ቀለሟ። ልጅሽን አየኋት፤ ማይኩን ይዛ ዋን ቱ ስትል። እኔ እኮ በዚህ ጀርባዬ ነው ያዘልኳት፣ ዲክሲስ ይዘሻት ስትመጪ።»

«ደህና አደሩ፣ አዴ ፈናን? እንዴት መጡ?»

«በአይሱዙው ላይ ነዋ፣ እንደ ሽንኩርት ተጭኜ።» ሳቀችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንግዲህ ልጅሽን አምኜ ገብቻለሁ። ለማዳበሪያ ተመዝግቤ ነበር፣ ሄጄ ስሜን አሰረዝኩ። የቀበሌው ሰው ‹አሮጊቷ አብዳለች› አለ። በያዝኩት ብር ምራቴን አሳከምኳት። ዘንድሮ ሁለቱንም ጥማድ በእሷ ዘር ነው። ማዳበሪያ የሚባል ነገር ደጄ አይደርስም።»

ቀለሟ የፈናንን እጅ እንደያዘች ቀረች። ልትናገር ፈለገች፤ ግን ከየት ይጀመራል? ወንድሜ ዋሽቷል ተብሎ ነው? ልጄ አላወቀችም ተብሎ ነው? ፈናን ሌላ ሰላምታ መጣባትና እጇን ለቀቀቻት።

ንግግሩ ተጀመረ። ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡት ሰዎች እየተነሱ አመሰገኑ። ቀለሟ አንዱንም አልሰማችም። ልጇ የምታቀርበው ከሻይ በኋላ እንደሆነ ታውቃለችና የሻይ ሰዓት እስኪደርስ ጣቶቿን ስታፍተለትል ቆየች። ሰዉ ወደ ሻይና ሳምቡሳው ሲገፋ መቅደላዊትን በክንዷ ይዛ ከአዳራሹ ጀርባ፣ የውኃ ታንከሩ ዘንድ ወሰደቻት። የነገረቻት አጭር ነው። በረቱን፣ ተዳፋቱን፣ አረሙን፣ ሣህሌ ደስ ብሎት የነገራትን ሁሉ ነገረቻት።

መቅደላዊት በአንገቷ ያንጠለጠለችውን የስም ካርድ ገመድ በጣቷ ጠመዘዘችው። ከተማ ያደገች ልጅ ናት። በረት የነበረን መሬት ሲታረስ ካላየች ከሌላው ማሳ በምን ትለየዋለች? «የአንድ ሰው ከሆነ ችግር የለውም። ስድስት ገበሬ ነው» አለች። እናቷ ግን ፊቷን አየችው፤ ራሷም አላመነችውም። ወደ ሻይው ተመለሰችና ከስድስቱ አንዱ የሆኑትን አቶ ለታን ሳምቡሳ ሲበሉ አገኘቻቸው። ቀለሟ ተከትላ ከጎኗ ቆመች።

«አባባ ለታ፣ የእኔን ዘር የዘሩበት መሬት እንዴት ያለ ነበር?»

«ምርጥ ነዋ ልጄ። ሽንኩርት የማበቅልበትን ጓሮዬን ነው የሰጠሁሽ። ባለቤቴ አኩርፋኝ ሰነበተች። ‹ለዩኒቨርሲቲ ብለህ ወጤን አሳጣኸኝ› ብላ።»

«የድሮውስ ገብስ?»

«እሱን ከወንዙ ማዶ ጣል ጣል አደረግኩት። ያው ለማነጻጸር ነው ብለሽ የለ? እንዲበልጥልሽ ነዋ።» አቶ ለታ አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉና ፈገግ አሉላት። «አሁን ተመረቅሽ አይደል? እንኳን ደስ ያለሽ።»

ሌላም ገበሬ ጠየቀች። እሱም የቤቱን ዙሪያ፣ አመድና ጥራጊ የሚደፋበትን ነበር የሰጣት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። አማካሪዋ ዶክተር በእውቀቱ በበሩ አጠገብ ሆነው በስልክ ሲያወሩ ነበር። ፀጉራቸው ከግንባራቸው ሸሽቷል፤ ዓይናቸው ሌሊቱን መንገድ ላይ ያደረ ሰው ዓይን ነው። መቅደላዊት ስትነግራቸው አቋርጠዋት አልተቆጡም፤ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ቀለሟ ጥቂት ራቅ ብላ ብትቆምም ሁሉንም ትሰማለች።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አሉ ዶክተሩ። «አፈሩን ሳናስመረምር መጀመር አልነበረብንም። ግን ዘሩ መጥፎ ነው የሚል ነገር አለ?»

«የለም። መጥፎ ነው አላልኩም። አናውቅም ነው ያልኩት።»

«ጥሩ። ስለዚህ ጥሩም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ይህን ብንናገር ግን ፕሮጀክቱ ይዘጋል። ከእኛ በኋላ ዲክሲስ ድረስ ዘር ይዞ የሚመጣ አይኖርም። የአንቺም ዲግሪ ይቆያል፤ አንድ ዓመት ይሁን ሁለት እንጃ። ዛሬ ያዘጋጀሽውን አቅርቢ። በሚቀጥለው ዓመት በጀቱን ጠይቄ፣ አፈሩን አስመርምረን በደንብ እንደግመዋለን።»

ቀለሟ ወደ መሐል የገባችው ሳታስበው ነው። «እስከዚያ ምን ይበላሉ፣ ዶክተር?» አለች። ዶክተሩ ቀና ብለው አዩዋት፤ እናት መሆኗን ለይተዋል። ከወገባቸው ዝቅ ብለው ሰላምታ ሰጧት። ውስጥ ማይኩ ተከፍቶ ሰዉ እንዲገባ ሲጠራ ለሁለቱም መንገድ ለቀቁላቸው።

መቅደላዊት ጽሑፏን ስታቀርብ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። በየስላይዱ ላይ የአጎቷ ማሳ፣ የአቶ ለታ ጓሮ፣ ገብሱ መሐል የቆሙ የሚስቁ ሰዎች ያልፋሉ። ገበሬዎቹ የራሳቸውን ማሳ ባዩ ቁጥር ይንሾካሾካሉ። ቀለሟ ልጇ ከአንዱ ስላይድ ወደ ሌላው ስትሄድ አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች እያለች ጠበቀች። ምስሉ ሁሉ አለቀ። ልጅቷ አመሰገነችና ተቀመጠች። የመድረክ መሪው ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ሲጋብዝ ማንም እጁን አላወጣም። ቀለሟ ተነሳች።

«ቀለሟ እባላለሁ። የመቅደላዊት እናት ነኝ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። ሣህሌ ከፊት ሆኖ ዘወር ብሎ አየና እሱም አጨበጨበ። እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ይህ ዘር በወንድሜ ማሳ የተዘራው የድሮ በረት ላይ ነው። በሌሎቹም ቤት ጓሮ ላይ ነው፤ ጥቁር አፈር ላይ። ለእንግዳ ክብር ብላችሁ ነው። ልጄን ላለማሳፈር ነው። የእኛን ገብስ ደግሞ ጭንጫ ላይ ነው የጣላችሁት። ስለዚህ ይህ ዘር ጭንጫ ላይ ምን እንደሚሰጥ እስካሁን ያየ የለም። እኔ የምለው፣ ሙሉ መሬታችሁ ላይ አትዝሩት። ማዳበሪያችሁን አትተዉ። ለሙከራ አንድ ጥግ ላይ ዝሩት። ይኸው ነው።»

ዶክተር በእውቀቱ ማይኩን ተቀበሉ። የእናታችን ስጋት ተገቢ ነው አሉ። ቀጥለውም፣ አቶ ሣህሌ እዚሁ ስላሉ ስለ መሬቱ ራሳቸው ቢነግሩን ይሻላል አሉ። ሣህሌ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጋቢውን አስተካከለ። እህቱን ሳይሆን መድረኩ ላይ የተቀመጠችውን መቅደላዊትን አየ። እሷ ጠረጴዛውን ታያለች።

«መሬቱ እኩል ነው» አለ ሣህሌ። «እህቴ ከተማ ከገባች ቆይታለች። በረቱ ከታረሰ ስንት ዘመን ሆነው፤ ረስታዋለች።»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም። አቶ ለታም አንገታቸውን እየነቀነቁ «እኩል ነው፣ እኩል ነው» አሉ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ገበሬ «ለዘመዶቿ ብቻ እንዲቀር ፈልጋ ነው፤ ጆንያው አይበቃም ብላ ነው» አለ፤ ሌላው «እናት አይደለች፣ ተዋት» ብሎ መለሰለት። ቀለሟ እንደቆመች ልጇን አየቻት። መቅደላዊት አንዴ ቀና አለች፤ ከዚያ መልሳ አቀረቀረች። የመድረክ መሪው አመሰገነና የዘር እደላውን መጀመር አበሰረ።

ውጭ ካፊያ ጀምሮ ነበር። አይሱዙው የኋላ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ቀለሟ ወንድሟን ከጆንያው ጋር አገኘችው።

«ለምን ጋሼ?»

«ልጅሽን ስድስት ዓመት ከተማረችበት ወንበር ላይ ጎትቼ ላውርዳት?» አለ ሳያያት። «አንቺ እንኳን አልራራሽላትም።»

«እሺ፣ ያለፈው አለፈ። አዴ ፈናን ማዳበሪያዋን ትታለች። ሁለቱም ጥማድ ተዳፋት ነው። ዘንድሮ ብቻ በረቱን ስጣት፤ አንተ ጥቂትም ቢሆን ከብት አለህ፣ ፍግ አለህ። ለልጄ ዘር የሰጠኸውን ለእሷ ስጣት።»

ሣህሌ ከጋቢው ጫፍ ላይ ጭቃ ያራግፍ ጀመር። ለረጅም ጊዜ አራገፈው። «መሬት ይዋሳል እንዴ ቀለሟ» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ጆንያውን ለጫኞቹ አሳይቶ፣ ከፍሏቸው፣ የአይሱዙው ጋቢና ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ቤት ተመልሶ ምሳ ይበላል ብላ ዶሮ አሳርዳ፣ ሽንኩርቱን አቁላልታ ነበር የወጣችው። ና ብላ አልለመነችውም፤ እሱም አላነሳውም።

መቅደላዊት በአዳራሹ ደረጃ ላይ ብቻዋን ቆማ ነበር። ሰዎች እያለፉ እንኳን ደስ አለሽ ይሏታል፣ እጇን ይጨብጧታል፤ እሷም ትጨብጣለች። ቀለሟ ወደ ላይ ወጣች። አልተቆጣቻትም።

«ለሁሉም መናገር ካልቻልሽ ለአንድ ሰው ተናገሪ። ለአዴ ፈናን ብቻ። እኔን አታምነኝም፤ አንቺን ታምናለች።»

ልጅቷ እንደ ሕፃን እጇን ተይዛ ተከተለቻት። ፈናን ከጆንያዋ አጠገብ ቆማ ከጫኞቹ ጋር ትከራከራለች፤ ለአንድ ጆንያ መቶ ብር ነው ብለዋት «ለመቶ ብር እኔንም ጭናችሁ አዲስ አበባ አድርሱኝ» ትላቸዋለች። መቅደላዊትን ስታይ ፊቷ ፈካ። ጉንጯን ይዛ ሳመቻት፤ ከዚያ እናቲቱን አየችና ኮስተር አለች።

«ልጄ፣ እናትሽ ያለችውን ሰማሁ። ልቤ ፈራ። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ አንቺ ንገሪኝ። ልዝራው ወይስ ልመልሰው? መልሺው ካልሽኝ አሁኑኑ ወደ አዳራሹ አስገባዋለሁ።»

መቅደላዊት አፏን ከፈተች። ዶክተር በእውቀቱ በዚያ በኩል ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ ለመነሳት ተሰልፈው «መቅደላዊት፣ ነይ እንጂ፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው» ሲሉ ተሰማ። ልጅቷ ወደዚያ አየች፤ ወደ ፈናንም አየች።

«ትንሽ ማዳበሪያ ቢጨምሩበት ጥሩ ነው» አለች።

«ማዳበሪያውንማ ተውኩት ልጄ። ስሜ ከተሰረዘ ቆየ። ብሩም የለ።»

ካፊያው በጆንያው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። መቅደላዊት በመዳፏ ጠረገችው፤ እንደገና ረጠበ።

«እንግዲያው ይዝሩት» አለች።

ፈናን እፎይ አለች፤ ከትከሻዋ ላይ ሸክም የወረደላት መሰለች። «እንዲህ በይኝ እንጂ» አለችና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘች። ጫኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ያያሉ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። መቅደላዊት ሌላውን ጫፍ ያዘች፤ ሁለቱ ሞከሩት፣ ከጉልበታቸው በላይ ሳይወጣ ተመለሰ። «ቀለሟ፣ ምን ታያለሽ፣ ያዢ እንጂ» አለች ፈናን። ቀለሟ ቆማ ነበር። ያረጀች ሴት ሸክም ከብዷት እያዩ መቆም ግን በእነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ እጇ ይህን ከእሷ ቀድሞ አወቀ። ጎንበስ አለችና ከሥሩ ገባች። ፈናን «ቢስሚላሂ» አለች፤ ሦስቱም አነሱት።